ጉዳይ የሌለው ተሳፋሪ

ሰው ወደማያውቀው ከተማ በገባ ጊዜ የሚጎድለው ነገር ዘመድ ወይም ቋንቋ ወይም ገንዘብ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን እነዚህ ሁሉ ቢሟሉለትም እንኳ አንድ የማይሟላለት ነገር ይቀራል፤ ይኸውም ጉዳይ ነው። የከተማው ነዋሪ በማለዳ ተነሥቶ በሩን ሲቈልፍ ጉዳዩ ቀድሞት ወጥቶ ከደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ወደ ሥራው፣ ወደ ሐኪሙ፣ ወደ ልጁ ትምህርት ቤት፣ አለዚያም ወደ አበዳሪው ይመራዋል። እንግዳው ግን ከሆቴሉ ደጃፍ ቆሞ ወደ ግራ ልሂድ ወይስ ወደ ቀኝ እያለ ሲያወላውል፣ ቢሄድ የሚጠብቀው፣ ቢቀር የሚፈልገው፣ ቢዘገይ የሚቈጣው አንድ ሰው እንኳ በዚያ ከተማ የለም። ይህን ሁኔታ ብዙዎች ዕረፍት ብለው ያመሰግኑታል፤ ስለ እርሱም ብዙ ገንዘብ ከፍለው ባሕር ይሻገራሉ። እኔ ግን ነጻነት በዚህ መልክ ሲመጣ ምን ያህል ቀላልና ምን ያህል ባዶ እንደ ሆነ ሊመረምር የሚሻ ሰው ቢኖር፣ ወደ ሜልበርን ሄዶ፣ ከመሀል ከተማው በትራም ተሳፍሮ፣ ሐዲዱ እስከሚያልቅበት እስከ ዳር ሰፈሮቹ ድረስ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ እመክረዋለሁ።

ሜልበርን በአውስትራልያ ደቡባዊ ምሥራቅ ያለች የቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር መዲና ናት። የትራሟ ሐዲድ በዛሬው ዓለም ካሉት የከተማ ትራሞች ሁሉ የረዘመ ነው፤ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ 24 መስመሮች ይመላለሱበታል፤ ከ1,600 የሚበልጡ ፌርማታዎችም አሉት። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር የለመደ አንባቢ ግን ሐሳቡን ወደዚያ እንዳይወስደው እለምናለሁ፤ ያኛው በአጥር ተከልሎ ወይም በድልድይ ጫንቃ ላይ ሆኖ ከእግረኛውና ከመኪናው ተለይቶ የሚሄድ ሲሆን፣ የሜልበርኑ ግን አብዛኛውን መንገድ ከመኪና ጋር እየተጋፋ፣ ሐዲዱ ከአስፋልቱ ጋር እኩል ተቀብሮ፣ ከላይ የተዘረጋውን የኤሌክትሪክ ሽቦ እየዳሰሰ፣ በሱቁና በቤተ ክርስቲያኑ፣ በመጠጥ ቤቱና በሰው መኖሪያ ደጃፍ የሚያልፍ ነው። በብዙው ፌርማታ የሚወርደው ሰው እግሩን የሚያሳርፈው ከመኪናው መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚህም በሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ከኋላ የሚመጡት መኪኖች ሁሉ ቆመው እንዲጠብቁ ሕግ ያስገድዳቸዋል። አንዲት ጐባጣ አሮጊት በከዘራዋ እየተመረኰዘች ደረጃውን አንድ በአንድ ስትወርድ፣ የዚያ ሁሉ ሞተር ጕልበት ከኋላዋ እያጕረመረመ ሲገዛላት መመልከት ደስ ያሰኛል። በመሀል ከተማው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ትሕትና ይጠየቃል፤ በዚያ አገር መኪና የሚሄደው በግራ በኩል ስለ ሆነ፣ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ የሚፈልግ ሾፌር መንገድ መሀል ቆሞ ትራሙን እንዳይዘጋው፣ በብዙ መስቀለኛ መንገዶች ላይ አስቀድሞ ወደ ግራ ጠርዝ ይወጣል፤ ከመስቀለኛው ገብቶ ይቆማል፤ መብራቱ ለተሻጋሪው ጎዳና አረንጓዴ እስኪሆን ጠብቆ ነው ወደ ቀኝ የሚዞረው። ከሌላ አገር የመጣ ሾፌር በዚህ ስፍራ ላብ በላብ ሲሆን አይቻለሁ። ወደ ቀኝ የሚደርሰው በግራ የጀመረ ነው የሚል ትምህርት ከገዳም እንጂ ከትራፊክ ፖሊስ አይጠበቅም ነበር።

እንዲህ ያለው ሥርዓት እንዴት ሊጸና ቻለ ቢባል፣ መልሱ በከፊል የመንገዱ ስፋት ነው። ቀያሹ ሮበርት ሆድል በ1837 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) የከተማውን ዋና ዋና ጎዳናዎች ሲቀይስ 30 ሜትር ያህል ስፋት ሰጣቸው፤ ትራም የሚባል ነገር በአሳቡ እንኳ ሳይኖር፣ ገና ያልተወለደ እንግዳ የሚያድርበትን ቦታ አዘጋጀ። በኋላ ግን የግል መኪና ዘመን ገብቶ ሐዲድ መንቀል የሥልጣኔ ምልክት በሆነበት ጊዜ ስፋት ብቻውን ሊያድነው አይችልም ነበር። ሲድኒ ሰፊውን የትራም መረቧን በ1961 ፈጽማ ነቀለች። በሜልበርን ግን ከ1949 እስከ 1970 የትራሙ ቦርድ ሊቀ መንበር የነበረው መሐንዲሱ ሮበርት ሪሰን ከዘመኑ ሰዎች አሳብ ጋር ሳይስማማ ጸና፤ ሐዲዱንም በኮንክሪት ውስጥ እያስቀበረ አደሰው፤ ሊነቅለው የተነሣ ሰው ቢመጣ መንቀሉ ከማቆየቱ የሚከብደው ሆነ። ሲድኒም ከ36 ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ ያጠፋችውን አንድ ብላ እንደ ገና መዘርጋት ጀመረች። እልኸኝነት አንዳንድ ጊዜ ከትንቢት ጋር ይመሳሰላል።

ከኤሌክትሪኩ በፊት የነበረው ትራም ለሚያስብ ሰው የበለጠ ያስደንቃል። ከ1885 እስከ 1940 ድረስ በዚያች ከተማ ይመላለሱ የነበሩት ሠረገሎች የራሳቸው ኀይል አልነበራቸውም፤ ከመንገዱ በታች በተቈፈረ ቦይ ውስጥ፣ በየሰፈሩ ባሉ የሞተር ቤቶች የሚጎተት የብረት ገመድ ሌት ከቀን ማለት እስኪቻል ድረስ ይሮጥ ነበር፤ ነጂውም ከላይ ሆኖ በረጅም የብረት መያዣ ያንን ገመድ ሲጨብጠው ሠረገላው ይሄዳል፣ ሲለቀው ይቆማል። ሠረገላው ቆሞ ሳለ እንኳ እንቅስቃሴው ከበታቹ አላቋረጠም ማለት ነው። እነሆ ይህ ነገር ከተማ ምን እንደ ሆነ ለእኔ ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ገለጸልኝ። በማናቸውም ከተማ ከሚታየው በታች የማይታይ አንድ ገመድ ይሮጣል፤ እርሱም የነዋሪው ሁሉ ጉዳይ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በማለዳ ይጨብጠዋል፣ ሲመሽ ይለቀዋል፣ በነጋው የሚጨብጠው ሌላ ገመድ ሳይሆን ያው የትናንቱ ነው። እንግዳ ማለት እንግዲህ በጎዳናው ላይ ሠረገላውን ይዞ የቆመ፣ ነገር ግን እጁ እስከ ገመዱ የማይደርስለት ሰው ነው።

ገመዱን ያልጨበጠ ሰው በምትኩ አንድ ጸጋ ያገኛል፤ ማየት ይችላል። ጉዳይ የዐይን መጋረጃ ነው፤ ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው በመስኮቱ የሚያልፈውን የጃካራንዳ ዛፍ አያይም፤ ሰዓቱን ነው የሚያየው። ከትራሙ ወንበሮች ብዙዎቹ ጀርባቸውን ወደ መሄጃው የሰጡ ናቸው፤ ነዋሪው ሌላ ካጣ ብቻ ይቀመጥባቸዋል፤ ዐይኑ ወደሚደርስበት ነውና። ጉዳይ የሌለው ተሳፋሪ ግን በእነርሱ ላይ ተደላድሎ፣ ነገር ሁሉ ካለፈው በኋላ እየራቀ ሲገለጥለት ይመለከታል፤ የሱቁ ስም ካለፈ በኋላ ይነበባል፣ የሰው ፊት ከራቀ በኋላ ይታያል፣ ሁለቱ ሐዲዶችም ከትራሙ ጭራ እየወጡ በሩቁ አንድ ይሆናሉ። የሰው ልጅ ዕድሜውን ሁሉ የሚጓዘው በዚህ ዐይነቱ ወንበር ላይ ሆኖ ሳለ፣ ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን የማያይ ሆኖ ሳለ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠ መስሎት መኖሩ የሚገርም ነው።

ይሁን እንጂ ይህን የእንግዳ ዐይን እጅግ ከፍ አድርጌ እንዳላመሰግነው የሚያግደኝ አንድ ሰው አለ። ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ ብርቱካንማ የሥራ ሰደርያ የለበሰ፣ በጫማው ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት፣ የምሳ ዕቃውን በሁለቱ እግሮቹ መካከል አጣብቆ የያዘ፣ ከተሳፈርኩ ጊዜ ጀምሮ አንገቱን ወደ መስኮቱ ጥሎ በከባድ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው። ትራሙ ስንት ጊዜ ቆመ፣ ደወሉ ስንት ጊዜ አቃጨለ፣ የተማሪዎች መንጋ እየጮኸ ገብቶ እየጮኸ ወረደ፤ እርሱ አልነቃም። ከዚያ ከሌሎቹ በምንም ከማይለይ መታጠፊያ ላይ ትራሙ ትንሽ ሲንገጫገጭ፣ ዐይኑን ሳይከፍት እጁን ዘርግቶ ከመስኮቱ በላይ ያለውን የደወል ገመድ ሳበ፤ ቀጥሎም ዐይኑን ገልጦ፣ የምሳ ዕቃውን አንሥቶ ወረደ። እኔ በንቃቴ ሁሉንም አይቼ የት እንዳለሁ አላውቅም ነበር፤ እርሱ በእንቅልፉ ውስጥ ሆኖ ያውቅ ነበር። መንገዱ በዐይኑ ሳይሆን በአጥንቱ ተጽፎ ነበርና። ስለዚህ ማየት ከማወቅ በፊት የሚመጣ ደረጃ ነው እንጂ ከማወቅ የሚበልጥ መዓርግ አይደለም፤ ስለ አገሩ ብዙ አየሁ ብሎ የሚጽፍ መንገደኛ ሁሉ (የዚህን ጽሑፍ ጸሓፊ ጨምሮ) በዚያ እንቅልፋም ፊት ቢፈተን ይሻላል።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን መንገደኛ የመሸበት እንደ ሆነ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ባለቤቱም እግሩን ከማጠቡ በፊትም ሆነ በኋላ፣ ከወዴት እንደ መጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ የማን ዘመድ እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። ጥያቄው የመስተንግዶው ግማሽ ነው፤ የተጠየቀ ሰው በቤቱ ውስጥ ስፍራ አግኝቷል። በሜልበርን ትራም ውስጥም ቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ነበረ፤ ቲኬት ቆራጩ። እርሱ ከተሳፋሪ ወደ ተሳፋሪ እየዞረ፣ ወዴት እንደሚሄዱ እየጠየቀ፣ ለእንግዳው የሚወርድበትን እየነገረ ነበር የሚያገለግለው። መንግሥት ይህን ሥራ ለማስቀረት በተነሣ ጊዜ ሠራተኞቹ እንቢ አሉ፤ በ1990 መጀመሪያ ላይ ትራሞቹን ወደ መሀል ከተማው አምጥተው በጎዳናዎቹ ላይ ደረደሯቸው፤ ለሳምንታትም እንደ ተደረደሩ ቆሙ። ጥቂት ዓመታት አገኙ እንጂ አላሸነፉም፤ በ1998 ቲኬት ቆራጮቹ ፈጽመው ቀሩ። ዛሬ የሚጠይቅ የለም፤ ማይኪ የሚባለውን ካርድ ወደ መሣሪያው ማስጠጋት ነው፤ መሣሪያውም አንዲት ድምፅ ሰጥቶ ዝም ይላል። ካርዱን ሳያስነካ የሚቀመጥ ሰው ተቈጣጣሪዎች ድንገት እስካልመጡበት ድረስ ከኅሊናው በቀር ከሳሽ የለውም፤ ስለዚህም ሠረገላው ከሞላ ጎደል የንስሐ ስፍራ ይመስላል፤ ማን ከፍሎ ማን ሳይከፍል እንደ ተቀመጠ ከፊት አይነበብም።

ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በመሀል ከተማው ክልል ውስጥ በትራም መሳፈር በነጻ ሆኗል። ወሰኑ ግንብ የለውም፣ ኬላ የለውም፤ በኤልሳቤጥ ጎዳና ወደ ሰሜን ሲጓዙ በኵዊን ቪክቶሪያ ገበያ አጠገብ አንድ ድምፅ ከጣሪያው ተነሥቶ ነጻው ክልል እዚህ ላይ እንደሚያበቃ ያስታውቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ካርድ ላስነካ ብቻ ነው። በአንድ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ ከጸጋ ወደ ሕግ መሻገር እንዲህ ያለ ነው። እኔ በእንግድነቴ የዚህ ቸርነት ተካፋይ ስለ ሆንኩ ልነቅፈው ባይገባኝም፣ እንዲያው ፍርድ ለፍርድነቱ ቢባል የተገለበጠ ነገር ነው፤ በመሀል ከተማው የሚኖረውና የሚሠራው ባለ ደመወዝ፣ ከእርሱም ጋር ለመዝናናት የመጣው ጎብኚ በነጻ ሲጓዙ፣ ሌሊት ቢሮአቸውን ልታጸዳ ከዳር ሰፈር የምትመጣው ሴት ትከፍላለች። ጉዳይ የሌለው በነጻ ይሳፈራል፤ ጉዳይ ያለበት ይከፍላል።

እኔ የተሳፈርኩበት 57 ቍጥር ትራም ይህን ወሰን አልፎ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲያቀና፣ ሬስኮርስ ሮድ በሚባለው መንገድ ላይ በፍሌሚንግተን የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ሥር ያልፋል። በ1960ዎቹ የተሠሩ ባለ 20 ፎቅ ግንቦች ናቸው፤ ግድግዳቸው ግራጫ፣ መስኮቶቻቸው ትንንሽና ተመሳሳይ፤ ከአፍሪቃ ቀንድ የተሰደዱ ብዙ ቤተሰቦች፣ ሐበሻውም ሶማሌውም፣ ከቬትናምና ከሌላም ስፍራ ከመጡት ጋር የአዲሱን አገር ኑሮ የጀመሩት በእነርሱ ውስጥ ነው። የእንግዳ ዐይን ከትራሙ መስኮት ሆኖ የሚያየው ግንቡን ብቻ ነው። ሐምሌ 4 ቀን 2020 ከሰዓት በኋላ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን ያሉ ዘጠኝ እንዲህ ያሉ ግንቦች በድንገት ተዘግተው፣ 3,000 ያህል ነዋሪዎች ከየቤታቸው እንዳይወጡ መደረጋቸው፣ ፖሊስም በየመውጫው መቆሙ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የክፍለ ሀገሩ እንባ ጠባቂ ያ አፈጻጸም ሰብአዊ መብትን የጣሰ ነበር ብላ መግለጧ፣ ይህ ሁሉ በግድግዳው ላይ አልተጻፈም። በከተማው ያሉት 44ቱም የኪራይ ግንቦች እስከ 2051 ድረስ ፈርሰው እንደሚያልቁ መንግሥት በ2023 አስታውቋል፤ ስለዚህ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚመጣው እንግዳ ግንቡን እንኳ አያይም። ግን ግንቦቹ በተዘጉበት ቀን ስለ ሆነው ነገር አንድ የምጨምረው አለኝ፤ በዚያ ቤት ለነበረ ሰው የከበደው መዘጋቱ ብቻ ሳይሆን ጉዳዩ ሁሉ፣ የሌሊት ፈረቃው፣ የታመመ ዘመዱ፣ የልጁ ወተት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከእጁ መነጠቁ ይመስለኛል። እኔ ገንዘብ ከፍዬ የመጣሁበትን ጉዳይ አልባነት እርሱ በፖሊስ ተቀበለው።

ከዚህ አልፎ በማሪበርኖንግ መንገድ ላይ 57 ቍጥር ከ82 ቍጥር ጋር ይገናኛል፤ እኔም ወደዚህኛው ተዛወርኩ። ከሜልበርን መስመሮች አብዛኞቹ ከየዳር ሰፈሩ ተነሥተው ወደ መሀል ከተማው የሚፈስሱ ናቸው፤ 82 ቍጥር ግን ከሙኒ ፖንድስ ወደ ፉትስክሬይ፣ ከዳር ወደ ዳር የሚሄድ፣ መሀሉን ፈጽሞ የማይረግጥ መስመር ነው፤ ጎብኚም አይሳፈርበትም። አንድ ወንዝ ተሻግሮ፣ ሃይፖይንት የተባለውን ትልቅ የገበያ አዳራሽ ዞሮ፣ በቤቶች መካከል ይወርዳል። መንገዱ ስለ ምን እንዲህ እንደሚጠመዘዝ ዛሬ ለሚያየው ሰው ምክንያቱ አይገለጥለትም። ምክንያቱ ጦርነት ነው፤ በማሪበርኖንግና በፉትስክሬይ የጥይትና የፈንጂ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሺሕ የሚቈጠሩ ሠራተኞች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች፣ ወደዚያ መመላለስ ስለ ነበረባቸው ሐዲዱ ወደ ፋብሪካዎቹ ተዘረጋ። ጦርነቱ አለፈ፤ ፋብሪካዎቹም ውለው አድረው ተዘጉ፤ በብዙው ስፍራቸው የሳር ሜዳና የአበባ አጥር ያላቸው መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። ሐዲዱ ግን ዛሬም ወደዚያው ይታጠፋል። ጥይት ስትሞላ ውላ እጇ ባሩድ ባሩድ እየሸተተ ወደ ቤቷ የምትመለስ አንዲት ወጣት በዚህ መታጠፊያ ላይ ትንገጫገጭ ነበር፤ ዛሬ በዚያው መታጠፊያ ላይ ቴሌቪዥን ገዝቶ የሚመለስ ሰው ይንገጫገጫል። ሐዲድ እንግዲህ የሞቱ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ ጉዳዩ ከባለቤቱ ጋር ሲቀበር ብረቱ ከላይ ይቀራል፤ ሕያዋንም አዲሱን ጉዳያቸውን በሙታኑ ቅያስ ላይ ያስኬዳሉ። በአንድ አገር እንግዳ የሆነው እንግዳው ብቻ ነው ብዬ አስብ የነበረውን አሳብ ይህ መታጠፊያ አላላው፤ ነዋሪውም ቢሆን እርሱ ባላሰመረው መንገድ፣ ምክንያቱን በማያውቀው መጠምዘዝ የሚወሰድ ነውና።

ፉትስክሬይ የመስመሩ መጨረሻ ነው። ሰው ሁሉ ወረደ፤ እኔ ግን የምወርድበት ምክንያት ስላልነበረኝ ተቀመጥኩ። ትራሙ የሚዞርበት ስፍራ የለውም፤ ዙሪያ አያስፈልገውምና፤ በሁለቱም ጫፎች የነጂ ክፍል አለው። ነጂው የመንጃ ቁልፉን ነቀለ፣ የውሃ ጠርሙሱንና ቦርሳውን ያዘ፣ በሠረገላው መሀል በባዶዎቹ ወንበሮች መካከል ቀስ ብሎ እየተራመደ አለፈና በሌላው ጫፍ ተቀመጠ። ይኸው ነው። ሠረገላው አልተነቃነቀም፤ ሐዲዱ አልተለወጠም፤ ነገር ግን አንድ ሰው ወንበር በመለወጡ ፊቱ ኋላ፣ ኋላው ፊት ሆነ፤ ፍጻሜ የተባለውም ቦታ መነሻ ተባለ። እኔም ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ፣ ቀድሞ ያለፈውን ሳይ የመጣሁት ሰውዬ፣ አሁን የሚመጣውን የማይ ሆንኩ።

በዚህ መካከል አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት፣ የእንጀራ ጥቅል የታጨቀበት ፌስታል በአንድ እጃቸው፣ ሌላ ከበድ ያለ ቦርሳ በሌላው ይዘው ወደ ደረጃው ሲጠጉ አየሁ። ፉትስክሬይ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤትና ሱቅ የበዛበት ሰፈር ስለ ሆነ አልደነቀኝም፤ እርሳቸውም እኔን አይተው አልደነቃቸውም፤ ደረጃው ከፍ ያለ ስለ ነበረ እጄን እስክዘረጋ ሳይጠብቁ ፌስታሉን ሰጡኝ።

«ሐበሻ ነህ አይደል?»

«ነኝ እማማ።»

«እንግዲያው ይቺን ያዝልኝ፤ እንዳትጨፈለቅ።»

ከአጠገቤ ተቀመጡ። ለልጃቸው ልጅ ክርስትና የሚሆን በርበሬ መግዛታቸውን፣ የበርበሬው ዋጋ መናሩን፣ ልጃቸው ሥራ ስለሚበዛበት ስልክ እንኳ እንደማያነሣ፣ ጕልበታቸው ደግሞ ከክረምቱ ወዲህ እየባሰ መሄዱን አከታትለው ነገሩኝ፤ ከወዴት እንደ መጣሁና እናቴ በሕይወት እንዳለች ጠየቁኝ፤ ከዚያም ከቦርሳቸው አንድ የታጠፈ ደብዳቤ አውጥተው ምን እንደሚል እንዳነብላቸው ሰጡኝ። የሐኪም ቤት ደብዳቤ ነበር። የጕልበታቸው ምርመራ ቀጠሮ ለሌላ ቀን መዛወሩን፣ ቀኑ የማይመቻቸው ከሆነ በተጻፈው ቍጥር መደወል እንደሚገባቸው ይገልጻል። አንብቤ ነገርኳቸው።

«እንደ ገና? ለምን አዛወሩት?»

«ምክንያቱን አልጻፉም።»

«እስቲ ደግመህ እየው፤ ከታች ይሆናል።»

ደግሜ አየሁ፤ ከታችም አልነበረም። የተዛወረበት ቀን ክርስትናው የሚውልበት ቀን ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ የትኛው ቀን እንደሚሻላቸው፣ ቀኑን ለማስለወጥ ምን ማለት እንደሚገባ፣ አስተርጓሚ ይሰጡ እንደ ሆነ ስንመካከር፣ ሃይፖይንትን መቼ እንዳለፍን፣ ወንዙን መቼ እንደ ተሻገርን፣ በፊት ለፊት በተቀመጥኩበት ወንበር የሚመጣውን አንዳች ነገር አላየሁም። ዐይኔን ያነሣሁት እርሳቸው እጄን ጐሸም ሲያደርጉኝ ነው።

«ገመዱን ሳበው እንጂ ልጄ፣ ሊያልፈን ነው!»

ሳብኩት። ፌስታሉን ይዤ ቀድሜ ወርጄ እጃቸውን ያዝኩ፤ መሬት ከረገጡም በኋላ ደብዳቤውን አልተቀበሉኝም። ቍጥሩ ያለው በእርሱ ላይ ስለ ሆነ በእኔ ዘንድ እንዲቈይ ፈለጉ።

«ነገ ከአራት ሰዓት በፊት ደውልላቸው» አሉኝ፤ «ከዚያ በኋላ ስልኩን አያነሡትም።»